ጥቅምት 30 የተወለደ ሰው የለም

«ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ያሉት አበው ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ የመምረጥ ዕዳ አልደረሰባቸውም። እነሱ የመረጡት በሬ፣ አማችና ጎረቤት ነው። ሦስቱም ቢያንስ ቆመው ሲሄዱ ይታያሉ። ላይብረሪ ግን አይታይም፤ የሚታየው ባለቤቱ የጻፈለት ምስጋና ነው። ምስጋናውም ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙ አይለያይም፦ ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ ኮድ ይቀንሳል። «የኛው ትንሽ ዝግ ይላል፣ ያስቸግራልም፣ እስቲ ሌላ ሞክሩ» ያለ ደግ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

በ2012 ዓ.ም. አለቃችን ጠራኝና «ዳታቤዝ የሚያናግሩትንና ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የሚሠሩትን ላይብረሪዎች አወዳድርና በሰንጠረዥ አምጣልኝ። ነጥብ ይኑረው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ ይባልበት» አለኝ። አለቃችን ኮድ ከጻፈ ቆይቷል፤ ሰንጠረዥ ግን ነፍሱ ነው። ደንበኛችን አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ነበር። የአባላት መዝገቡንና ሒሳቡን ከአሮጌው ሲስተም አውጥተን በዶት ኔትና በኤስኪውኤል ሰርቨር አዲስ ልንሠራለት ተስማምተናል። ከዚያ በኋላ በሌላ ነገር የተስማማን አይመስለኝም።

ምክንያቱም ቢሮው ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ነበር። የመጀመሪያው የጋሼ ነው። ጋሼ የምንላቸው የቡድናችን ታላቅ ሰው እኛ ፊደል ሳንቆጥር ጀምሮ ኩየሪ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» እንደሚባለው ጋሼም በገዛ እጃቸው ያልጻፉትን ኤስኪውኤል አያምኑም። ሁለተኛው የልጅቷ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በማግስቱ የተቀጠረች፣ ጣቷ ከአፏ የፈጠነ፣ አፏም ቢሆን የማይዘገይ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የሚጽፉትን ኮድ ማሽኑ ራሱ ይጽፈዋል» ትላቸዋለች። «እሱማ ይጽፈዋል ልጄ፤ ምን እንደጻፈ ማን ያነበዋል?» ይሏታል። እኔ መሐል ላይ ሰንጠረዤን ይዤ ተቀምጫለሁ።

የጠቡ ሥር ጥንታዊ ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይቢኤም ሰው በ1970 እ.ኤ.አ. መረጃ በሰንጠረዥና በረድፍ ይቀመጥ የሚለውን ሐሳቡን ጽፎ አወጣ፤ ዳታቤዞቻችን ዛሬም በዚያ ሕግ ይተዳደራሉ። ፕሮግራሞቻችን ደግሞ በኦብጀክት ያስባሉ፦ አባሉ ውስጥ ሒሳቡ አለ፣ ሒሳቡ ውስጥ ክፍያዎቹ አሉ፣ ከክፍያው ተነስተህ ወደ አባሉ ትመለሳለህ። ሁለቱን ለማስማማት በመሐል አስተርጓሚ ይቆማል። በጃቫ ዓለም ጋቪን ኪንግ በ2001 ሃይበርኔትን ጀመረ፤ ሃይበርኔቱ ወደ ዶት ኔት ሲሻገር ኤንሃይበርኔት ተባለ። ማይክሮሶፍት በ2008 ኢንቲቲ ፍሬምወርክን አወጣ፤ በ2016 ደግሞ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ብሎ እንደ አዲስ ሠራው። የልጅቷ ሃይማኖት ይሄ ነው።

የጋሼ ዳፐር ነው። ዳፐር የተወለደው በ2011 ከስታክ ኦቨርፍሎው ቤት ነው። ሳም ሳፍሮንና ማርክ ግራቬል የሚባሉት መሐንዲሶች ጣቢያቸው ከዳታቤዝ ያመጣውን ረድፍ ወደ ኦብጀክት በመለወጥ ብቻ ፕሮሰሰሩን ሲያስጨንቀው አዩና ትንሽዬ ነገር ጻፉ። ኩየሪውን አንተ ትጽፋለህ፤ ዳፐር የተመለሰውን ረድፍ ወስዶ ክላስህ ላይ ይሞላልሃል። ከዚያ በላይ አይጠይቅህም፣ ከዚያ በላይም አይሰጥህም። ቴድ ኒዋርድ የሚባል ጸሐፊ በ2006 ኦብጀክትና ሰንጠረዥ የማስማማቱን ሥራ «የኮምፒውተር ሳይንስ ቬትናም» ብሎት ነበር፤ መግባቱ ቀላል፣ መውጣቱ አበሳ ነው ለማለት። ጋሼ ይህችን አባባል የሰሙ ዕለት ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ግድግዳ ላይ ሊለጥፏት ሁሉ ፈልገው ነበር።

እኔም የታዘዝኩትን ጀመርኩ። ብዙዎቹ የፍጥነት ውድድሮች ዳፐርን ከፊት ያስቀምጡታል፤ ከእጅ ኮድ ብዙም አይርቅም። ሰንጠረዡ ላይ «ፍጥነት» በሚለው ዓምድ ለዳፐር ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ፣ ለወጉ ያህል ብቻ በኛው ዳታ ላይ ልሞክረው አልኩ። አባልን በአባል ቁጥሩ መፈለግ፤ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም።

ሻምፒዮኑ ዘገየ። ልጅቷ ወንበሯን እየገፋች መጥታ ስክሪኔ ላይ ቆመች። የኢንቲቲ ፍሬምወርኩ ፍለጋ በቅጽበት ይመለሳል፤ ዳፐሩ ግን ሰንጠረዡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስሳል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው የኩየሪውን ፕላን ከፈቱና ነገሩን አገኙት። የአባል ቁጥሩ ዓምድ ቫርቻር ነው፤ ማለት ከላቲን ፊደልና ከቁጥር በላይ የማያውቅ። ዳፐር ደግሞ ማንኛውንም ጽሑፍ ካልነገርከው በቀር ኤንቫርቻር አድርጎ ነው የሚልከው፤ ማለት የዓለምን ፊደል ሁሉ የሚችል አድርጎ። ሰርቨሩ ሁለቱን ለማወዳደር የእያንዳንዱን አባል ቁጥር ይለውጣል፤ ኢንዴክሱም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ልጅቷ ክላሶቿን በቀጥታ ከዳታቤዙ ስላስገለበጠች ኢንቲቲ ፍሬምወርክ የዓምዱን ዓይነት ያውቀዋል፤ የላከውም በልኩ ነው። የዳፐር መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ ጽሑፉ አንሲ መሆኑን መንገር። ጋሼም ነገሩት። ፍጥነቱ ተመለሰ። የልጅቷ ፈገግታ ግን ያን ቀን ሙሉ አልተመለሰም፤ ተከፍቶ ዋለ።

ጋሼ ብድራቸውን ለመመለስ አልዘገዩም። ልጅቷ የአባላትን ዝርዝር ከነቁጠባቸው የምታሳይ ገጽ ሠርታ ለአለቃችን ስታስጎበኝ፣ ጋሼ በጎን ፕሮፋይለር ከፍተው ወደ ዳታቤዙ የሚሄደውን ኩየሪ ይቆጥራሉ። አባላቱን ሊያመጣ አንድ ኩየሪ ሄደ። ከዚያ ለመጀመሪያው አባል ቁጠባ አንድ፣ ለሁለተኛው አንድ፣ ለሦስተኛው አንድ... ስክሪኑ እንደ ጉድ ይወርዳል። የ500 አባል ገጽ 501 ኩየሪ ማለት ነው። ይህ በሽታ በሙያው የታወቀ ነው፤ «ኤን ሲደመር አንድ» ይሉታል። መንስኤው ሰነፍ ጭነት ነው፤ የተያያዘውን መረጃ ሲነካ ብቻ የሚያመጣ። ኤንሃይበርኔት ላይ ይህ ከመጀመሪያውኑ የተከፈተ ነው፤ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ላይ ካልከፈትከው አይሠራም፤ ልጅቷ ግን ለምቾት ከፍታዋለች። «ልጄ፣ ማሽኑ የጻፈውን ይኸው አነበብኩት» አሏት ጋሼ። ከነቁጠባቸው በአንድ ጊዜ አምጣ የምትል አንዲት ቃል ጨመረችና ዳነ። አለቃችን ከዚህ ሁሉ የገባው ገጹ መፍጠኑ ብቻ ነው። «ለየትኛው ነጥብ ልትሰጥ ነው?» አለኝ።

በዚያው ሰሞን፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ለአገሩ ከባድ ሰሞን ነበር፤ ስለ ላይብረሪ ማሰብ ራሱ ያሳፍር ነበር። ሳምንታት አልፈው ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ግን መስመሩ ገና አልተመለሰም፤ ሰንጠረዤም ላይ ማንም አወዳዳሪ ያላሰበው ዓምድ ተጨመረ፦ በፍላሽ ይገባል ወይ? ኦፕን ሶርስ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው ይባላል፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ በሩ ኬብል ነው። ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ብቻውን አይመጣም፤ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ነው፤ ከፓኬጆቹ አንዷ ከጎደለች ግንባታው አልሠራም ይላል። ከልጅቷ ኮምፒውተር ላይ ፓኬጅ አውራጁ ኑጌት ያከማቸውን ፎልደር ሙሉውን ገልብጠን ነው የተገላገልነው። ዳፐር ግን በመጀመሪያ ዘመኑ አንድ የኮድ ፋይል ነበር፤ ገልብጠህ ፕሮጀክትህ ውስጥ የምትከተው። ጋሼ ያቺን አሮጌ ፋይል ከየት እንዳወጧት እንጃ፣ ከቁልፋቸው ጋር በሚንጠለጠል ፍላሽ ይዘዋት መጡ። አንድ ነጥብ ለጋሼ።

ቀጥሎ ወደ ስም ፍለጋ ገባን። እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ሃይማኖቶች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ያለቀሱት።

ልጅቷ የሙከራ አባላት በአማርኛ ስም አስገብታ «አበበ» ብላ ፈለገች። አበበ መጣ። ከበደም መጣ። ጫልቱ፣ ሐጎስ፣ መሐመድ፣ ወለተማርያም፣ የተመዘገበው አባል ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጋሼ «ያው፣ ማሽኑ የጻፈው ኩየሪ ነው» አሉና በዳፐር፣ በገዛ እጃቸው፣ ስሙ ከአበበ ጋር እኩል የሆነውን ብቻ አምጣ ብለው ጻፉ። ከበደ በድጋሚ መጣ። ላይብረሪ የሚባል ነገር ጭራሽ ሳይነካ፣ በዳታቤዙ መስኮት በቀጥታ ጠየቁት። ሐጎስም መሐመድም አበበ ናቸው አለ።

ጥፋቱ ከሁለቱም በታች ነበር። ኤስኪውኤል ሰርቨር ቃልን ከቃል የሚያወዳድርበት ኮሌሽን የሚባል ሕግ አለው። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ስትጭነው ዝም ካልከው የሚመርጥልህ በጣም የቆየውን ሕግ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ያ ሕግ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው የፊደል ዝርዝር ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ፊደላችንን ያስቀምጣል፣ መልሶም ያሳያል፤ ሲያወዳድር ግን ክብደት አይሰጠውም። ክብደት የሌለው ነገር ከክብደት የለሽ ጋር እኩል ነው። በዚህ ሒሳብ አበበ ከከበደ ብቻ ሳይሆን ከባዶም ጋር እኩል ነው። በ2008 የመጡት፣ ስማቸው ውስጥ 100 የሚል ቁጥር ያለባቸው ኮሌሽኖች ግዕዝን ያውቃሉ፤ ወደዚያ ስንቀይር አበበ አበበ ብቻ ሆነ።

ፈጣን፣ ቀላል፣ ኮድ ቀናሽ ከተባሉት ላይብረሪዎች አንዳቸውም ይህን አልተናገሩም። መናገርም አይችሉም፤ ጥያቄውን በትክክል ወስደዋል፣ መልሱን በትክክል አምጥተዋል። ከዚያማ ፀሐይ የምትባል አባል በሁለቱ «ጸ» እና በሦስቱ «ሀ» ብቻ 6 ዓይነት ሆና ልትጻፍ እንደምትችል ስናይ፣ ስሙን ወደ አንድ አጻጻፍ የሚመልስ የራሳችንን ኮድ ጽፈን በሌላ ዓምድ አስቀመጥነው። ይህን የሚጠይቅ ዓምድ በየትኛውም አወዳዳሪ ሰንጠረዥ ላይ የለም፤ የሰንጠረዦቹ ጸሐፊዎች ፀሐይን አያውቋትምና።

የልደት ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። ከአሮጌው ሲስተም የመጣው የልደት ቀን በእኛው አቆጣጠር፣ በጽሑፍ፣ አንዳንዱ ቀን አስቀድሞ፣ አንዳንዱ ወር አስቀድሞ የተሞላ ነው። ሲስተሙ ወደ ዳታቤዝ ቀን ሲለውጠው ጥቅምት 30 የተወለዱት በሙሉ ተጣሉ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ሁለተኛ ወር ለማሽኑ ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውም። ስለዚህ ጥቅምት 30 የተወለደ ሰው የለም። አንዲት የማኅበሩ ሠራተኛ እናቷ በዚያ ቀን መወለዳቸውን ምላ ብትነግረንም ማሽኑ አልሰማም።

እነዚህስ ደግ ናቸው፤ ቢያንስ ጮኸው ወደቁ። የሚያስፈራው ጳጉሜን 6 የተወለደው ነው። «6/13/1979» ብሎ ተጽፏል፤ 13ኛ ወር። ይህማ ይወድቃል ብለን ነበር። አልወደቀም። ማሽኑ በአሜሪካ ልማድ ወሩን አስቀድሞ አነበበውና ሰውዬውን ጁን 13 ላይ በሰላም ወለደው። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፤ የልደት ቀኑ ከእውነተኛው በዓመታት ርቆ ብድር የሚያሰላበት ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ያለው ሰው ጳጉሜን እንዲህ ሲገባ አይቶ መሆን አለበት።

ዶት ኔት ከነሻንጣው የዕብራይስጥን፣ የሂጅራን፣ የፋርስን፣ የታይን የቀን መቁጠሪያ ይዞ ይመጣል፤ የኛን ግን አይዝም። በጃቫ ጆዳታይም የሚባለው የቀን ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር በስሙ ጠርቶ ያስተናግዳል። ጆን ስኪት በዚያ መንፈስ ለዶት ኔት በጀመረው ኖዳታይም ውስጥ ደግሞ የኮፕቶች አቆጣጠር አለ። ኮፕቶችና እኛ አዲስ ዓመት የምንለው አንድ ቀን ነው፤ ወሮቻችንም፣ ጳጉሜናችንም፣ ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣበት ዓመትም አንድ ነው። ልዩነቱ የዓመት ቁጥሩ ብቻ ነው፦ እነሱ ከሰማዕታት ዘመን ስለሚቆጥሩ ዓመታቸው ከእኛ በ276 ያንሳል። ከዓመቱ 276 ቀንሰህ ለኖዳታይም ትሰጠዋለህ፣ ሲመለስ 276 ትደምራለህ። ጥቅምት 30 የተወለዱት እናት በእስክንድርያ በኩል ዞረው ዳታቤዛችን ውስጥ ተወለዱ።

አሁን ወደ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ልግባ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ የድግስ ቤት ሥርዓት ነው፦ ወጥ ሠሪዋ ሽንኩርት ልትገዛ ገበያ አትወርድም፤ የሚያስፈልጋትን ትናገራለች፣ ሽንኩርቱም ቅቤውም እጇ ላይ ይቀርብላታል። ክላስም የሚፈልገውን በኮንስትራክተሩ ይናገራል፤ አቅራቢው ኮንቴይነር ይባላል። ስሙን ያወጣለት ማርቲን ፋውለር ነው፣ በጃንዋሪ 2004 በጻፈው ጽሑፍ። በዶት ኔት ኮንቴይነር ሞልቷል፦ ካስል ዊንዘር፣ ስትራክቸርማፕ፣ ኒንጀክት፣ ኦቶፋክ፣ ሲምፕል ኢንጀክተር። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር የራሱን ይዞ ይመጣል።

እዚህ ላይ ጋሼም ልጅቷም ሃይማኖት ስላልነበራቸው ውድድሩ በሰላም አለፈ። ኦቶፋክ ችሎታው ብዙ፣ ተጠቃሚው ብዙ ነው ተባለና ተመረጠ። ሰላም የበዛበት ምርጫ መጥፎ ምልክት መሆኑን ማን ነግሮን።

ሲስተሙ በማኅበሩ አንድ ቅርንጫፍ ለሙከራ በተከፈተ ሰሞን ገንዘብ ተቀባይዋ ደወለች። አንድ አባል 1,500 ብር ቆጥበዋል፤ ደረሰኝ ወጥቷል፤ ቀሪ ሒሳባቸው ግን ያው የጠዋቱ ነው። «ሰውዬው ፊቴ ቆመዋል፣ ምን ልበላቸው?» ትላለች። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲበራ ትክክለኛው ቁጥር ይመጣል። በማግስቱ ሌላ አባል፣ ያው ነገር።

ጋሼ ፕሮፋይለራቸውን ከፈቱ። ገንዘብ ተቀባይዋ ገጹን ስትከፍት ኩየሪው ወደ ዳታቤዙ ሲሄድ ይታያል። ዳታቤዙ የመለሰው 4,500 ነው። ስክሪኑ ላይ የወጣው 3,000 ነው። ጋሼ ሁለቱን ቁጥር በጣታቸው እየነኩ ደጋግመው አዩ። «ይኼ በመንገድ ላይ ነው የተሰረቀው» አሉ።

የተሰረቀው በሕጋዊ መንገድ ነው። ኮንቴይነር ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ዕድሜ ይሰጠዋል፦ ሲንግልተን ከሆነ ሰርቨሩ እስኪጠፋ አንዱ ለሁሉ ያገለግላል፤ ስኮፕድ ከሆነ አንድ ጥያቄ ሲስተናገድ ተፈጥሮ ከጥያቄው ጋር ያልፋል። ወለድ የሚያሰላው ክላስ ሲንግልተን ተደርጎ ተመዝግቧል። ማን እንደመዘገበው ጊት ያውቃል፤ እኔም አልናገርም። ይህ ክላስ ደግሞ የኢንቲቲ ፍሬምወርክን ኮንቴክስት በኮንስትራክተሩ ይቀበላል። ኮንቴክስቱ ለአንድ ጥያቄ ብቻ እንዲኖር የተፈጠረ ነበር፤ የማይሞት ጌታ እጅ ሲገባ አብሮ የማይሞት ሆነ። ማርክ ሲማን የሚባለው ጸሐፊ ይህን ምርኮኛ ዲፔንደንሲ ብሎታል። ኢንቲቲ ፍሬምወርክ በበኩሉ አንዴ ያየውን አባል ያስታውሳል፤ በድጋሚ ሲጠየቅ ኩየሪውን ይልካል፣ መልሱን ይቀበላል፣ ቁልፉን አይቶ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ጠዋት የያዘውን ይሰጥሃል። ለአንድ ጥያቄ ዕድሜ ይህ ጸባይ መልካም ነው፤ ለሙሉ ቀን ዕድሜ ግን የሰው ገንዘብ ይውጣል።

ልጅቷ ያን ምሽት ቤቷ ሄዳ ያንኑ ምዝገባ በሦስት ኮንቴይነር ሞክራ መጣች። ሲምፕል ኢንጀክተር አረጋግጥ ስትለው ገና ሲነሣ «የዕድሜ አለመጣጣም» ብሎ እምቢ አለ፤ ፕሮግራሙ አልተከፈተም። የማይክሮሶፍቱ በገንቢው ማሽን ላይ ይጮኻል፤ ፕሮዳክሽን ላይ ግን ካልነገሩት በቀር ፍተሻውን ዘግቶ ያልፋል። ኦቶፋክ በሁለቱም ቦታ ዝም ነው፤ የፈለግከውን በትሕትና ያቀርባል። በእኔ ሰንጠረዥ ላይ ኦቶፋክ «ተለዋዋጭነት» በሚለው ከፍተኛውን፣ ሲምፕል ኢንጀክተር ደግሞ «ግትር ነው» ተብሎ ዝቅተኛውን ነጥብ ይዘው ነበር።

ያን ጊዜ ነው ሰንጠረዡን ደምስሼ እንደ አዲስ የጀመርኩት። ፍጥነት፣ ቀላልነት፣ ተለዋዋጭነት የሚሉትን ሁሉ አውጥቼ አንድ ዓምድ አስገባሁ፦ ሲሳሳት ይናገራል ወይስ ይደብቃል? የሁሉም መልክ ወዲያው ተለየ። ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ስህተቱን በኩየሪ ብዛትና በማስታወሻው ውስጥ ይደብቃል። ዳፐርም ይደብቃል፤ ጋሼ ይህን ሲሰሙ ቅር ብሏቸው ነበር፣ ግን አሳየኋቸው፦ ሁሉንም ዓምድ አምጣ የሚል ኩየሪያቸው ላይ የቀሪ ሒሳብ ዓምዱን ስም ዳታቤዙ ላይ ቀየርኩት። ዳፐር ስሙ ያልገጠመለትን ዓምድ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ አባሉም ቀሪ ሒሳቡ 0 ብር ሆኖ ወጣ። ኤረር የለም። ጋሼ ዜሮዋን ትኩር ብለው አይተው «ይቺስ ከቬትናምም ትብሳለች» አሉ።

የትኛውም ላይብረሪ ሥራውን አያጠፋውም፤ ቦታ ያስቀይረዋል። ኩየሪ መጻፍ ቀረልህ ማለት ኩየሪ መቁጠር መጣብህ ማለት ነው፤ ኦብጀክት መፍጠር ቀረልህ ማለት ዕድሜውን መጠበቅ መጣብህ ማለት ነው። ስለዚህ የምትመርጠው ችግርህ የት እንዲቀመጥልህ እንደምትፈልግና ሌሊት ሲደወልልህ የት ሄደህ እንደምትፈልገው ነው። እኛ በመጨረሻ ለመመዝገቢያው ኢንቲቲ ፍሬምወርክን ሰነፍ ጭነቱን ዘግተን፣ ለሪፖርቱ ዳፐርን የዓምዶቹን ስም አንድ በአንድ ጽፈን፣ ለኮንቴይነር የማይክሮሶፍቱን ፍተሻው ፕሮዳክሽን ላይም እንዲጮኽ አድርገን ያዝን። ጋሼና ልጅቷ ዳታቤዙን ተካፈሉት፤ ጠባቸውንም አልተዉም።

ሥራው አለቀ ስል ሰንጠረዡ ወደ ደንበኛው ግዥ ክፍል ሄደ። የግዥ ኃላፊዋ በስልክ ጠሩኝ። «ለእያንዳንዱ ላይብረሪ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል» አሉ። «ነፃ ናቸው እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ነፃም ቢሆን ይጻፍ። ዜሮ ብር ብሎ ማኅተም ያድርግበት። ዜሮው ከቫት በፊት ነው ከቫት በኋላ?» የ15 በመቶ ቫት ዜሮ ላይ ሲሰላ ስንት እንደሚሆን ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ። «እሺ፣ ነፃ ነው። እስከ መቼ ነው ነፃ የሆነው?»

ቢሮው ውስጥ ይህን ስነግራቸው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጥያቄያቸው ግን ከሳቃችን በላይ ዕድሜ ነበረው። ስትራክቸርማፕን ከ2004 ጀምሮ ያቆየው ጄረሚ ሚለር ቀድሞውንም ትቶት ላማር ወደሚባል አዲስ ሥራ ዞሮ ነበር። በ2023 ሞክ የሚባለው የመፈተኛ ላይብረሪ የገንቢውን ኢሜይል ከማሽኑ እያነበበ አመስጥሮ የሚልክ ነገር ይዞ ብቅ አለና ዓለም ተንጫጫ። በ2025 መጀመሪያ ፍሉዌንት አሰርሽንስ ለንግድ ሥራ ክፍያ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት ኦቶማፐርና ሚዲያተር፣ ግማሹ የዶት ኔት ዓለም የቆመባቸው፣ አዲሶቹ ቅጂዎቻቸው ከተወሰነ ገቢ በላይ ያለው ድርጅት የሚከፍልባቸው ሆኑ። ባለቤታቸው ጂሚ ቦጋርድ ከሥራቸው መኖር ስለፈለጉ አልፈርድባቸውም፤ የሠራ ይብላ።

ኦቶማፐርን እኛም እንጠቀምበት ነበር። የማኅበሩን የጥገና ውል ልናድስ ስንሄድ ይህንኑ ለግዥ ኃላፊዋ አስረዳሁ፤ አሁንም እዚያው ናቸው፤ በአሮጌው ቅጂ እንደምንቆይ፣ አዲሱን ከፈለግን ግን ዋጋ እንዳለው። ጨርሰው ሰሙኝና ከመሳቢያቸው አንድ ባዶ ቅጽ አውጥተው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ሦስት ፕሮፎርማ» አሉ።